የግቢያችን እንግዶች



እነሆ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ጠራ፤ ጭቃውም ደረቀ። ማንም ያልዘራው አደይ አበባ አጥር ለአጥር በቅሎ ግቢውን ቢጫ አልብሶታል። በዚህ ወር በደጃችን ስላለ፣ ብዙዎቻችን ግን ቆም ብለን ስለማናየው ጸጋ ልንጨዋወት ወደድን፤ ስለ ግቢያችን አበባና ስለ ወፎቹ።

አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ብትሆንም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ስለሆነች ሙቀቷ ለዘብ ያለ ነው። ከዚህም የተነሣ የአየር ንብረት አጥኚዎች ከፊል ሐሩራማ ደጋ ከሚባሉት ቦታዎች ይመድቧታል። እንዲህ ባለው አገር የአበባውን ወራት በዋናነት የሚወስነው ዝናቡ ነው። ክረምቱን ሙሉ ውኃ የጠጣ አፈር ፀሐይ ሲያገኝ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያቀፈውን ሁሉ ያወጣል።

አበባ ባለበት ደግሞ ወፍ አይጠፋም። ከሱብሒ ሶላት በኋላ በረንዳ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ይበቃል። ራስ ክምር በበቀለበት ግቢ፣ ብርቱካንማው አበባ ላይ ቀጭንና ቆልመም ያለ ምንቃር ያላት ትንሽ ወፍ አርፋ ጣፋጩን ፈሳሽ ስትመጥ ትታያለች። ከዚህች ወፍ ዘመዶች አንዷ በሳይንስ ስሟ የተከዜን ወንዝ መጠሪያ ይዛለች። የዚህች ዓይነቱ ወንዱ በጥላ ውስጥ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ስትመታው ግን ሐምራዊ ሆኖ ያብረቀርቃል። ስለዚህ ልጆቻችን «ጥቁር ወፍ አየን» ብለው ሲመጡ፣ ብርሃኑ እስኪዞር ታግሠው እንዲያዩት እንንገራቸው።

ሌላው ፊቱ ጥቁር፣ ሆዱ ቢጫ የሆነው ጎጆ ሠሪ ወፍ ነው። ሣር እየሰነጠቀ በምንቃሩ ጎጆውን ይጠልፋል። ብዙዎቹ ዘመዶቹ በአንድ ዛፍ ላይ በመንጋ ሲሠሩ፣ ይህ የግቢ ጎረቤታችን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንዲት ጥንዱ ጋር ለብቻው ይኖራል። ጅራቷን እያወዛወዘች እርጥብ ሣር ላይ የምትራመደው ቢጫ ወፍ ደግሞ የሩቅ እንግዳ ናት። የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽታ በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ ትመጣለች፤ የዚያ አገር ብርድ ሲያልፍም ትመለሳለች።

እንግዲህ አንድ ነገር ልብ እንበል። አበባ የምትመጠውም ሆነች ጎጆ ሠሪው ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በተባይ ነው፤ ትሉንና ክሽክሹን ከየቅጠሉ እየለቀሙ ያጎርሷቸዋል። ስለዚህ ጽጌረዳችን ላይ ክሽክሽ ባየን ቁጥር መርዝ ብንረጭ የጫጩቶቹን ምግብ እናጠፋለን። ክሽክሹ ጥቂት ከሆነ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ማጠብ ይበቃል።

ከመርዙ ይልቅ የሚያሳስበን ግን ሲሚንቶው ነው። በየሰፈሩ ግቢን ከጥግ እስከ ጥግ ሊሾ ማድረግ እየተለመደ መጥቷል። ለጽዳት ይመቻል፤ ጭቃም ያስቀራል፤ ይህን አንክድም። ይሁንና አፈሩ ይጠጣው የነበረው ዝናብ መንገድ ላይ ወጥቶ ጎርፍ ይሆናል። አደይ የምትበቅልበት መሬት ያጣል፤ ወፎቹም አብረው ይሄዳሉ። ልጆቻችንም ወፍን የሚያውቁት በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ ይሆናል። መኪና ማቆሚያውና መተላለፊያው ይለበስ፤ በአጥሩ ዙሪያ ግን ቢያንስ አንድ ክንድ ስፋት ያለው አፈር ይቅር። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምንኖርም ብንሆን በአሮጌ ጀሪካን ጤና አዳም ወይም ጽጌረዳ በረንዳ ላይ መትከል አይከብደንም። በጠፍጣፋ ሳህን ውኃ እናስቀምጥላቸው፤ ቢምቢ እንዳይራባበት በየቀኑ እንቀይረው። አደይ አበባዋ እንደረገፈ ቶሎ አንጨዳት፤ ፍሬዋ ለድንቢጥ ምግብ፣ ለግቢያችን ደግሞ የከርሞ ዘር ነው።

ወንጭፍ የያዙ ልጆችንም በቁጣ ብቻ አንመልሳቸው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ጉዞ ላይ ጫጩቶቿ ተወስደውባት ስትንሰፈሰፍ ያዩዋት ወፍ ልጆቿ እንዲመለሱላት ማዘዛቸውን እንተርክላቸው። ሙስሊም ከተከለው ተክል ወፍ ቢበላለት ሰደቃ እንደሚሆንለት ማስተማራቸውንም እናስታውሳቸው። ከዚያም ወንጭፉን አስቀምጠው፣ ደብተርና እርሳስ ይዘው፣ ያዩትን ወፍ ቀለሙንና የሚበላውን እንዲጽፉ እናድርግ። ወላጅም አብሮ ቢቀመጥ፣ በሥራ ብዛት የተራራቀው አባትና ልጅ የሚጨዋወቱበት ጥሩ ሰዓት ይሆናል።

የአበባው ወራት አጭር ነው፤ ኅዳር ሲያልቅ አደዩ ይደርቃል። ስለዚህ ዛሬ ነገ ሳንል፣ ከዚህ ሳምንት አንዱን ማለዳ ለግቢያችን እንስጠው። ያያችሁትንም ጽፋችሁ ብትልኩልን ደስ ይለናል።