የኤል ኤን ጥያቄ ምን ነበር?

ዛሬ ስለ ሒሳብ ላወራ ነው። ኧረ ቆዩ፣ ገጹን አትዝጉት! ቃል እገባለሁ፣ መጨረሻው ላይ ብር አለበት።

መሰናዶ የተማረ ሁሉ ኤል ኤንን ያውቃታል። ማለቴ መልኳን ያውቃታል። ካልኩሌተሩ ላይ ከሎግ አጠገብ የተቀመጠችው ቁልፍ ናት። አስተማሪው ሕጎቿን ሰሌዳ ላይ ይደረድራል፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ ይሸመድዳል፣ ፈተና ላይ ይተፋዋል፣ በማግስቱ ይረሳዋል። ለመሆኑ ይቺ ነገር የምትጠይቀን ጥያቄ ምንድን ነው? ብዬ ስንቱን ጠየቅኩ! አብዛኛው ሳቀብኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ኢ የሚባል ቁጥር አለ፤ 2.718 ገደማ ነው። ኤል ኤን 10 ማለት “የኢ ፓወር ስንት ሲሆን ነው 10 የሚመጣው?” ማለት ነው። መልሱ 2.303 ገደማ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው! ኤል ኤን ጥያቄ ናት።

ይህን መርሳት ምን ያመጣል? ይህችን ኢኩዌሽን እዩልኝ፦

ኤል ኤን(ኤክስ) + ኤል ኤን(ኤክስ − 3) = ኤል ኤን(10)

ሕግ የሸመደደ ተማሪ ሁለቱን ያባዛና ኤክስ(ኤክስ − 3) = 10 ይላል። ኳድራቲክ ነው፤ ሲፈታው 5 እና −2 ያገኛል። ፈተናው ላይ ደግሞ “5 እና −2” የሚል ምርጫ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። ዘው!

5 ልክ ነው፤ ኤል ኤን 5 ሲደመር ኤል ኤን 2፣ ኤል ኤን 10 ይሆናል። −2ን መልሳችሁ ብታስገቡት ግን ኤል ኤን(−2) ይመጣል። “የኢ ፓወር ስንት ሲሆን ነው −2 የሚመጣው?” ኢን የፈለጋችሁትን ፓወር ስጡት፣ 5ም ይሁን ዜሮ ወይም −100፣ የሚወጣው ሁልጊዜ ፖዘቲቭ ነው። እንግዲህ −2 ሕጉን ተከትሎ የገባ አስመሳይ መልስ ነው። ጥያቄዋን የሚያውቅ ሰው በር ላይ ያስቀረዋል፤ ሕጓን ብቻ የሚያውቅ ግን ወንበር ስቦ ያስቀምጠዋል።

“እና ምን ይጠበስ?” የምትሉ አላችሁ። ብር ይጠበስ!

በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። በ7 በመቶ የተቀመጠ 100 ብር 200 የሚሆነው መቼ ነው? ወለዱ በዓመት አንዴ ቢታሰብ፣ 1.07 ስንት ፓወር ሲኖረው ነው 2 የሚሆነው ማለት ነው። የምንፈልገው ቁጥር ፓወር ላይ ተሰቅሏል፤ በመደመርም በማካፈልም አይወርድም። የምታወርደው ኤል ኤን ናት፤ ኤል ኤን 2 ለኤል ኤን 1.07 ሲካፈል 10.2 ዓመት ይሰጣል።

አሁን ያችኑ ኢኩዌሽን ገበያ ይዘናት እንውጣ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በ30 እንኳ ብናስበው፣ ኤል ኤን 2 ለኤል ኤን 1.3 ሲካፈል 2.6 ዓመት ነው። ብራችን እጥፍ ለመሆን ከ10 ዓመት በላይ ሲፈልግ፣ ዋጋው በዚያው ፍጥነት ቢቀጥል ሦስት ዓመት እንኳ አይፈጅበትም ነበር። 7 እና 30 በዜና ሲነገሩ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ናቸው። ወደ ዓመት ሲቀየሩ ነው የሚያስደነግጡት። ብር እጃቸው ሲገባ ወርቅ የሚገዙ እናቶቻችን ኤል ኤንን ሳይማሩ ጥያቄዋን ያውቁታል። እኛ ደግሞ ተምረናት ጥያቄዋን አናውቀውም። ማን ነው የተማረው?

ድንቅነሽስ ብትሆን? ሐዳር ላይ የተገኘችበት አካባቢ የእሳተ ገሞራ አመድ ተመርምሮ፣ ውስጡ የተጠራቀመው አርጎን ተለክቶ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የተባለው በዚችው በኤል ኤን ተሰልቶ ነው። ያም ጥያቄ “መቼ?” ነው።

አስተማሪዎችን እየወቀስኩ አይደለም። ክፍሉ ጢም ያለ ነው፣ ምዕራፉ ማለቅ አለበት፣ ፈተናው ደግሞ ምርጫ ነው። ግን አንዲት ነገር ማድረግ አያቅትም። ለእንዲህ ዓይነቷ ጥያቄ ከሚሰጠው 5 ማርክ 2ቱ፣ −2ን ለምን እንደጣለው በአንድ መስመር ለጻፈ ተማሪ ይሁን። ያን ጊዜ ታያላችሁ፣ መልሶ ማስገባትን “ጊዜ አልቋል” ብሎ የሚዘል አይኖርም።

እናንተም ማታ ካልኩሌተር ያዙና የራሳችሁን ወለድ አስገቡ። ቁልፏ እዚያው ሎግ አጠገብ ናት። ከመንካታችሁ በፊት ግን “መቼ?” በሉ።

ቸር እንሰንብት!