ተጠግኖ የተረሳ ልብ

ጥቂት ሮጦ ከንፈሩ የሚጠቁር፣ ትንፋሹን ለመሰብሰብም ቁጢጥ የሚል ሕፃን ሲያዩ የልብ ሐኪሞች ቶሎ የሚጠረጥሩት ፋሎት ቴትራሎጂ የተባለውን፣ አብሮ የሚወለድ የልብ ጉድለት ነው። በሁለቱ የታች የልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ አለ፤ ደም ወደ ሳንባ የሚሄድበት መንገድም ጠብቧል። ቀዶ ሐኪሙ ዋልተን ሊለሃይ እ.ኤ.አ. በ1954 በሚኒሶታ ይህን ልብ ከፍቶ ከጠገነ ወዲህ ግን ብዙዎቹ ልጆች አድገው ለወግ ለማዕረግ በቅተዋል።

«ዳነ» ብሎ መዝገቡን መዝጋት ግን ስህተት ነው።

ቀዳዳው ሲደፈን፣ ጠባቡም መንገድ ተቀዶ ሲሰፋ ጠባሳ ይቀራል። ጠባሳ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በእሱና በቫልቩ መካከል ቀጭን የጡንቻ ሰርጥ ከተረፈች የኤሌክትሪክ ምልክቱ በዝግታ ያልፍባትና ዞሮ ይመለሳል፤ እንዲህ መሽከርከር ሲጀምር ልብ ያለ ልክ ይፈጥናል፤ ሰውየው ራሱን ይስታል፣ አንዳንዴም በድንገት ይሞታል። ክፋቱ፣ ይህ ሁሉ ከቀዶ ሕክምናው 20 ወይም 30 ዓመት በኋላ፣ ክትትል በተረሳበት ዘመን ሊመጣ መቻሉ ነው።

ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ የተመኩት የልብን ኤሌክትሪክ በሚመዘግበው ኢሲጂ ነው፤ ኪውአርኤስ የሚባለው ሞገድ 180 ሚሊሰከንድ ከደረሰ ይሰጋሉ። ርካሽና ጠቃሚ ምርመራ ነው፤ ጠባሳው የት እንዳለ ግን አያሳይም። ኤምአርአይ ያሳያል። በደም ሥር የተሰጠው ጋዶሊኒየም የተባለ ምስል አጉሊ ንጥረ ነገር ከጤነኛው ጡንቻ ቶሎ ሲወጣ ጠባሳው ውስጥ ይዘገያል፤ በምስሉ ላይ ጤነኛው ጥቁር፣ ጠባሳው ነጭ ሆኖ ይታያል። የለንደኑ ሮያል ብሮምፕተን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት የቀኝ ልባቸው ጠባሳ የበዛባቸው ሰዎች የልብ ምት መዛባት ይበልጥ የገጠማቸው ሆነው ተገኝተዋል።

ምስል ጥንቆላ አይደለም። ጥቅሙ የሚታየው ደረት ውስጥ የሚቀበረው፣ የልብን ምት በኤሌክትሪክ የሚመልሰው መሣሪያ ለማን ይገባል ሲባል ነው። ላልተገባው ሰው ከተቀበረ በከንቱ ሊያንዘረዝረው፣ ሊመረቅዝበትም ይችላል፤ የሚገባው ሰው ካጣው ደግሞ ሕይወቱን ሊያስከፍለው ይችላል።

በኢትዮጵያ ሁሉም ኤምአርአይ ይነሳ ማለት ቅዠት ነው። ኢሲጂና የልብ አልትራሳውንድ በየጊዜው ማድረግ፣ ሞገዱ የሰፋበትን ወይም ራሱን የሳተውን ወደ ኤምአርአይ መላክ ግን ይቻላል። አዲስ አበባም ሆነ ውጭ አገር ልጃቸውን ያሳከሙ ወላጆች የቀዶ ሕክምናውን ወረቀት አይጣሉ፤ ልጁ ሲያድግ ለራሱ ያስረክቡት።