«ጥራቱ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም
ለዲጂታል ሰሌዳ ጀማሪዎች የቀረበ አስተያየት

በአሁኑ ወቅት በአዲስ አበባ አደባባዮችም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን ጎዳናዎች ቀድሞ በቀለምና በሸራ ይሠሩ የነበሩ ማስታወቂያዎች ቦታቸውን ብርሃን ለሚያመነጩ ሰሌዳዎች እየለቀቁ ነው። በባንክ የወረፋ ቁጥር የሚያሳየው፣ በአውሮፕላን ማረፊያ የበረራ ሰዓት የሚገልጸው፣ በሆቴል መግቢያ የስብሰባ አዳራሽ የሚጠቁመው ሁሉ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። በሙያው ዓለም የወል ስሙ «ዲጂታል ሳይኔጅ» ነው፤ ሕዝባችን ግን ባጭሩ «ስክሪን» ይለዋል። በዚህ ጽሑፍ «ዲጂታል ሰሌዳ» ተብሎ ይጠራል።

ይሁን እንጂ ዕቃው ወደ እኛ የመጣው ከቃላቱ ቀድሞ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ወይም ሆስፒታል ሰሌዳ ሊገዛ ሲነሣ ሻጩ «ፒ 10 ነው፤ 6,000 ኒት አለው፤ ፉል ኤች.ዲ. ይቀበላል፤ 100,000 ሰዓት ያገለግላል» ይለዋል። ገዢውም በበኩሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፦ «ጥራቱ እንዴት ነው?» መልሱም ሁልጊዜ «በጣም ጥሩ ነው» የሚል ይሆናል። ክፍያው ከሕዝብ ገንዘብ፣ ያውም በውጭ ምንዛሪ ከተገኘ ገንዘብ የሚወጣ ሲሆን ይህ ምልልስ የሚያስከትለው ኪሳራ ቀላል አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት እንዲህ ነው። «ጥራት» የሚለው ቃላችን በዚህ ጉዳይ ላይ ከመርዳት ይልቅ ይጋርዳል። ምክንያቱም ቢያንስ አምስት የተለያዩ መጠኖችን በአንድ ስም ጠቅልሎ ይይዛል፤ እነርሱም የነጥቦች ብዛት፣ የነጥቦች ርቀት፣ ድምቀት፣ ንፅፅርና የመታደስ ፍጥነት ናቸው። አምስቱም የፊዚክስ መጠኖች ስለሆኑ ይለካሉ፤ የሚለካ ነገር ደግሞ በውል ላይ በቁጥር ሊጻፍና ሊረጋገጥ ይችላል። ስለሆነም ጀማሪው ቃላቱን እንደ ንግድ ስም ከመሸምደድ ይልቅ ከበስተጀርባቸው ያለውን መጠን ቢረዳ ይሻላል እላለሁ።

ነጥቦቹና ርቀታቸው

ማንኛውም ዲጂታል ሰሌዳ ሥዕሉን የሚሠራው ከትንንሽ ነጥቦች ነው። እያንዳንዱ ነጥብ «ፒክስል» ይባላል። በኤል.ኢ.ዲ. ሰሌዳ ላይ አንዱ ፒክስል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጡ ሦስት ጥቃቅን ዳዮዶችን ይይዛል። በዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጠው ኤል.ኢ.ዲ. እ.ኤ.አ. በ1962 በኒክ ሆሎኒያክ የተሠራ ሲሆን፣ ደማቁ ሰማያዊ ግን እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አስቸግሮ ቆይቷል። ለዚህ ሥራ ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. የ2014ን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ሰማያዊው ባይገኝ ኖሮ ነጭን ጨምሮ ሁሉንም ቀለም የሚያሳይ የኤል.ኢ.ዲ. ሰሌዳ ባልኖረ ነበር።

ከአንዱ ፒክስል መሐል እስከ ጎረቤቱ መሐል ያለው ርቀት «ፒች» ይባላል፤ «ፒ 10» ማለትም ርቀቱ 10 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ከዚህ በቀላሉ እንደሚሰላው ፒ 10 በአንድ ካሬ ሜትር 10,000፣ ፒ 5 ደግሞ 40,000 ፒክስሎች አሉት። ፒቹ በግማሽ ሲቀንስ የፒክስሎቹ ቁጥር በአራት እጥፍ ያድጋል፤ ዋጋውም በዚያው መንገድ ሽቅብ ይወጣል።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? መልሱ ያለው በተመልካቹ ዓይን ላይ ነው። ጤናማ ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ ለማየት በመካከላቸው ቢያንስ አንድ የማዕዘን ደቂቃ፣ ማለትም 0.00029 ራዲያን ያህል ይፈልጋል። በዚህ ስሌት የፒ 10 ነጥቦች ከ34 ሜትር ገደማ ጀምሮ ይዋሐዳሉ፤ የፒ 2.5 ግን ከ9 ሜትር ባነሰ ርቀት ይዋሐዳሉ። በሙያው የተለመደው ግምት ከዚህ ላላ ይላል፤ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ፒች ቢያንስ አንድ ሜትር መራቅ ይበቃል ይላል። በሁለቱ መካከል ሥዕሉ ይገባናል፤ ነጥቦቹ ግን ገና ይታዩናል። እንግዲህ 40 ሜትር ርቆ ለሚያልፍ መንገደኛ ፒ 5 መግዛት ዓይን ለማያየው ነገር መክፈል ነው። ለ5 ሜትር ኮሪደር ፒ 10 መስቀል ደግሞ ጽሑፉን ወደ ተበታተነ ጥራጥሬ መለወጥ ነው።

ከዚህ ጋር የሚቀላቀለው ሌላው ቃል «ሪዞሉሽን» ነው። ይህ የፒክስሎቹ ጠቅላላ ብዛት እንጂ ርቀታቸው አይደለም። አንድ ኮሌጅ 6 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ የፒ 10 ሰሌዳ ገዛ እንበል። ሰሌዳው 600 በ400፣ ማለትም 240,000 ፒክስሎች አሉት። ፉል ኤች.ዲ. የሚባለው ሥዕል ግን 1,920 በ1,080፣ ማለትም 2,073,600 ፒክስሎች አሉት። በፒ 10 ይህን ሥዕል ሳይቀነስ ለማሳየት 19.2 ሜትር በ10.8 ሜትር የሚሆን ግድግዳ ያስፈልጋል። ስለዚህ «ፉል ኤች.ዲ. ይቀበላል» ያለው ሻጭ አልዋሸም፤ ሰሌዳው ግን የተቀበለውን ከስምንት እጅ በላይ ቀንሶ ነው የሚያሳየው። «ይቀበላል» እና «ያሳያል» ሁለት የተለያዩ ግሦች መሆናቸውን ገዢው ልብ ሊል ይገባዋል።

ድምቀቱና ፀሐይዋ

«ኒት» የሚባለው የድምቀት መለኪያ በአንድ ካሬ ሜትር አንድ ካንዴላ ማለት ነው። ካንዴላ ከሰባቱ ዓለም አቀፍ መሠረታዊ አሃዶች አንዱ ሲሆን፣ መጠኑም በግምት የአንድ ሻማ ብርሃን ያህል ነው። የተለመደ የቤት ቴሌቪዥን ጥቂት መቶ ኒት ይሰጣል። ለደጅ የሚሠራ የኤል.ኢ.ዲ. ሰሌዳ ግን 5,000 ኒትና ከዚያ በላይ እንዲሰጥ ይጠበቃል። ይህን ያህል ልዩነት ያስፈለገው ለምንድን ነው?

ምክንያቱ ፀሐይ ናት። ሰሌዳው በራሱ ከሚሰጠው ብርሃን በተጨማሪ ያረፈበትን የፀሐይ ብርሃንም ያንፀባርቃል። በአንድ ሰሌዳ ላይ 60,000 ሉክስ ብርሃን ቢያርፍና ጥቁር ገጹ የዚህን 5 ከመቶ ብቻ ቢያንፀባርቅ፣ ጥቁር መሆን የነበረበት ቦታ 950 ኒት ያህል ያበራል። እንግዲህ 400 ኒት ያለው የቤት ውስጥ ሰሌዳ በዚያ ቦታ ቢሰቀል ነጩ ከጥቁሩ የሚበልጠው 1.4 እጥፍ ብቻ ነው፤ በሌላ አነጋገር የሚታይ ነገር የለም። 6,000 ኒት ያለው ግን 7 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ይህ ነው እንግዲህ «ንፅፅር» የሚባለው። ሻጮች የሚጠቅሱት «5,000 ለ1» የሚል አኃዝ ብዙውን ጊዜ በጨለማ ክፍል የተለካ በመሆኑ ለጎዳና ብዙም አይነግረንም።

በዚህ ላይ የአገራችን አቀማመጥ መታሰብ አለበት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ትገኛለች። በቀትር ፀሐይዋ ወደ አናታችን ስለምትቃረብ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰሌዳን እምብዛም አትጎዳውም። ፈተናው የሚመጣው ወደ ምሥራቅ ለዞረ ሰሌዳ ጠዋት፣ ወደ ምዕራብ ለዞረ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው። የሚተከልበትን አቅጣጫ ሳያጠኑ ኒት መምረጥ አይቻልም። በሌላ በኩል በቀን የሚያስፈልገው 6,000 ኒት በሌሊት የሾፌሮችን ዓይን ይጋርዳል። ስለሆነም የአካባቢውን ብርሃን ለክቶ ድምቀቱን የሚቀንስ መሣሪያ የሌለው የጎዳና ሰሌዳ ለአደጋ መንስኤ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ የስም ግርታ እናጥራ። በገበያ «ኤል.ኢ.ዲ. ቴሌቪዥን» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ኤል.ሲ.ዲ. ነው፤ ኤል.ኢ.ዲ. የተባለው ከበስተኋላ ለሚያበራው መብራት ብቻ ነው። ሥዕሉን የሚሠራው ያንን ብርሃን የሚያሳልፈውና የሚከለክለው ፈሳሽ ክሪስታል ነው። በእውነተኛው የኤል.ኢ.ዲ. ሰሌዳ ግን ነጥቦቹ ራሳቸው ያበራሉ። ሁለቱን አንድ ስም ስለያዙ ብቻ በአንድ የዋጋ ዝርዝር ማወዳደር ስሕተት ነው።

የመታደስ ፍጥነት

«ሪፍሬሽ ሬት» ሰሌዳው ምስሉን በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚያድስ የሚገልጽ ሲሆን በኸርዝ ይለካል። ይህ ከ«ፍሬም ሬት»፣ ማለትም ቪዲዮው በሰከንድ ከያዛቸው የተለያዩ ሥዕሎች ብዛት ይለያል። ቪዲዮው በሰከንድ 25 ሥዕሎች ብቻ ሲኖሩት ሰሌዳው እያንዳንዱን ሥዕል ደጋግሞ ያበራል፤ ያጠፋል። ለአብዛኞቻችን ዓይን በሰከንድ ከ60 ጊዜ በላይ የሚበራና የሚጠፋ ብርሃን ያልተቋረጠ ሆኖ ይታያል። ካሜራ ግን እንደ ዓይን አይታለልም። በሰከንድ 960 ጊዜ የሚታደስን ሰሌዳ በ1/2000 ሰከንድ ፎቶግራፍ ብናነሣው ካሜራው አንድ ሙሉ ዙር እንኳ ስለማያገኝ በምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ይወጣሉ። የምረቃ በዓሉ በቴሌቪዥን የሚተላለፍ ተቋም 3,840 ኸርዝ ሊጠይቅ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው፤ መንገደኛ ብቻ ለሚያየው ሰሌዳ ግን ይህ ግዴታ አይደለም።

ይዘቱና ፊደላችን

ሰሌዳው ብቻውን ምንም አያሳይም። ፋይሉን አንብቦ ወደ ሰሌዳው የሚልከው መሣሪያ «ፕሌየር»፣ ምን መቼ እንደሚታይ የሚወስነው ፕሮግራም ደግሞ «የይዘት ማስተዳደሪያ» ይባላል። ተራ ገብተው የሚታዩት መልእክቶች አንድ ጊዜ ዞረው እስኪያልቁ ያለው ጊዜ «ሉፕ» ነው። ስምንት መልእክቶች ለእያንዳንዳቸው 10 ሰከንድ ቢሰጣቸው ሉፑ 80 ሰከንድ ይሆናል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ያለ ሰው ሰሌዳውን የሚያየው ለ50 ሜትር ያህል ብቻ ከሆነ፣ ያለው ጊዜ 6 ሰከንድ ነው። ስለዚህ አንድ መልእክት፣ ወይም የሁለት መልእክት ቁራጭ አይቶ ያልፋል። የክትባት ቀን የሚያስታውቅ ጽሑፍ በሰባት ማስታወቂያዎች መካከል ቢገባ አብዛኛው መንገደኛ ሳያየው ያልፋል ማለት ነው።

የፊደላችን ጉዳይ ደግሞ የተለየ ትኩረት ይሻል። የላቲን ትላልቅ ፊደላትን 5 በ7 ነጥብ በሆነ መረብ መጻፍ ይቻላል። «ቡ» እና «ቢ» ግን የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ጭረት ከፍታ ብቻ ነው። በሰባት ነጥብ ቁመት ካዕቡና ሣልሱ ይምታታሉ። በእኔ ግምት አንድ የግዕዝ ፊደል ከ16 ፒክስል ባነሰ ቁመት ባይጻፍ ይመረጣል። ይህም በፒ 10 ሰሌዳ ላይ 16 ሴንቲ ሜትር፣ በፒ 5 ደግሞ 8 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ቢካተትም፣ ፕሌየሩ ላይ ፎንቱ ካልተጫነ በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥኖች ይታያሉ። ጽሑፉን እንደ ሥዕል አዘጋጅቶ መላክ አንድ መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን ሥዕሉ በሰሌዳው ትክክለኛ የፒክስል ብዛት ካልተዘጋጀ ሲቀነስ ጭረቶቹ ይጠፋሉ። «አማርኛ ይጽፋል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከግዥ በፊት በሙከራ ሊመለስ ይገባዋል።

ቃላቱን እንተርጉም ወይስ እንዋስ?

በዚህ ረገድ ሁለት ዓይነት አቋም ይስተዋላል። አንዳንዶች ለእያንዳንዱ ቃል አዲስ አማርኛ እንፍጠር ይላሉ፤ ሌሎች ሁሉንም በእንግሊዝኛ እንተወው ይላሉ። እኔ በሁለቱም አልስማማም። «ፒክስል» እና «ኒት» እንደ «ሜትር» እና «ኪሎ» ሁሉ ተውሰን ብንጠቀምባቸው ጉዳት የላቸውም። ጉዳቱ ፍቺያቸውን በአማርኛ መናገር አለመቻላችን ነው። «ድምቀት»፣ «ንፅፅር»፣ «ርቀት» የሚሉት ቃላት ግን የራሳችን ናቸው፤ የሚያስፈልጋቸው ለእያንዳንዳቸው አንድ መጠን ብቻ መመደብ ነው። ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ አገር በነበርኩበት ቤተ ሙከራ ማንኛውም መሣሪያ ከመታዘዙ በፊት የሚፈለገው ነገር በቁጥርና በአሃድ ይጻፍ ነበር። ይህ ልማድ ሀብት አይጠይቅም፤ እኛም ልንይዘው እንችላለን።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ በግዥ ኮሚቴ ውስጥ የምትቀመጡት እናንተ ናችሁ። ያን ጊዜ «ጥራቱ እንዴት ነው?» በማለት ፋንታ ተመልካቹ ስንት ሜትር ላይ ይቆማል፣ ፒቹ ስንት ነው፣ ፀሐይ በየትኛው ሰዓት ታርፍበታለች፣ ስንት ኒት ይሰጣል፣ በሰከንድ ስንት ጊዜ ይታደሳል ብላችሁ ጠይቁ። «100,000 ሰዓት» ስትባሉም ይህ ያለማቋረጥ ከ11 ዓመት በላይ መሆኑን አስሉ፤ ከዚያም አኃዙ ዳዮዱ ግማሽ ድምቀቱን እስኪያጣ ያለውን ጊዜ ነው ወይስ የኃይል ማከፋፈያውንም ይጨምራል ብላችሁ ጠይቁ። ለደጅ ሰሌዳ «አይ.ፒ. 65» ከተጻፈ የመጀመሪያው አኃዝ አቧራ ፈጽሞ እንደማይገባ፣ ሁለተኛው ደግሞ በተወረወረ ውኃ እንደማይጎዳ የሚያመለክት መሆኑን እወቁ።

እስከዚያው ድረስ ግን ልምምዱ ዛሬ ሊጀመር ይችላል። ማስመሪያ ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሰሌዳ ሂዱ፤ ከመጀመሪያው ፒክስል እስከ አሥራ አንደኛው ያለውን ርቀት ለክታችሁ ለ10 አካፍሉት። ያገኛችሁት ቁጥር ፒቹ ነው። ከዚያም ነጥቦቹ እስኪዋሐዱ ድረስ ወደ ኋላ እየተራመዳችሁ ርቀቱን ለኩና ከላይ ከቀረበው ስሌት ጋር አስተያዩት።