ትምህርት ቤታችን ምን ያስተምር?



የቆሰበር ሙስሊም ልጅ ቀኑን ለሁለት ይከፍላል፤ ግማሹን ለመንግስት ትምህርት ቤት፣ ግማሹን ለቁርኣን ቤት። ወላጅ አቅም ሲያገኝ ሁለቱን በአንድ ግቢ ማየት ይመኛል። ተገቢ ምኞት ነው። ነገር ግን የራሳችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይኑረን ስንል፣ ምን እንደሚያስተምርና ማን እንደሚመራው ካሁኑ ካልተስማማን ሌላ ሰው ይወስንልናል።

በአወሊያ የሆነውን አልረሳነውም። በ2004 ዓ.ም. ትግላችን የፈነዳው ከትምህርት ቤት ግቢ ነው። መጅሊሱ 50 የሚሆኑ የአረብኛ መምህራንን ሲያባርር ተማሪዎቹ ለምን ብለው ተነሱ። ከሶስቱ ጥያቄዎቻችን አንዱ አወሊያ በገለልተኛ ቦርድ ይተዳደር የሚል ነበር። መልሱ እስር ሆነ፤ በ2007 ዓ.ም. በኮሚቴዎቻችን ላይ እስከ 22 ዓመት ተፈረደ። (ዛሬ ያንን ትግል የማያወድስ የለም፤ ያኔ ማን ዝም እንዳለ ግን እናስታውሳለን።)

ህገ መንግስቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል። በአንቀጽ 27 ደግሞ አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋም የማቋቋም መብት አላቸው። አንዳንድ ሹም የመጀመሪያውን ብቻ ያነባል፤ ከእኛም መካከል ሁለተኛውን ብቻ የሚያነብ አለ። ሁለቱ አይጣሉም። የመንግስቱ ካሪኩለም ሳይሸራረፍ ይሰጥ፤ ቁርኣኑ፣ ፊቅሁና አረብኛው በራሳቸው ሰዓት፣ በራሳቸው ኡስታዝ ይሰጡ። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ተፍሲር አናስገባም፤ በቁርኣን ሰዓታችንም ካድሬ አናስገባም።

ሂሳቡና ሳይንሱ ተቀንሶ ለሂፍዝ ይሁን የሚሉ ወንድሞች አሉ። ኒያቸውን እናከብራለን፤ ሐሳባቸውን አንቀበልም። 6ኛ እና 8ኛ ክፍል ላይ ልጁን የሚጠብቀው ፈተና ስንት ጁዝ ሐፈዝክ ብሎ አይጠይቀውም። ደግሞስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቤዛ መክፈል ያቃታቸውን የበድር ምርኮኞች የመዲና ልጆችን ማንበብና መጻፍ አስተምረው ነጻ እንዲወጡ አላደረጉምን? መምህራኑ ሙሽሪኮች ነበሩ። እውቀቱን ግን ማንም አልናቀውም።

የእኛ ዞን የራሱ ጉዳይም አለው። እዚህ ልጆች በአንደኛ ደረጃ በአገውኛ ይማራሉ። ቁርኣን ቤት ሲገቡ ግን አረብኛውን የምንፈታላቸው ብዙ ጊዜ በአማርኛ ነው፤ በቤቱ አገውኛ የሚናገር የ7 ዓመት ልጅ ሁለት ጊዜ እንግዳ ይሆናል። የወሎ ዑለሞች በአረብኛ ፊደል አማርኛ ጽፈው፣ መንዙማ ገጥመው ህዝቡን በገዛ ቋንቋው ዲን አስተማሩት። አገውኛስ ምን በደለ? የዉዱእና የሶላት ትምህርት ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ ይብራራለት። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ቋንቋውን የሚችል ደረሳ ማብቃት ነው።

በሩም ለጎረቤት ክፍት ይሁን። ክርስቲያን ጎረቤታችን ልጁን ቢልክ፣ በዲን ሰዓት ልጁ እንዲቀመጥ አይገደድ። ሴት ልጆቻችን በመንግስት ትምህርት ቤት ሒጃባቸውን አውልቁ እንዳይባሉ ስንጠይቅ የኖርን ሰዎች ነን፤ ለራሳችን የጠየቅነውን በራሳችን ግቢ መንፈግ አንችልም።

የቀረው የቦርድ ጉዳይ ነው። ገንዘብ ያዋጣ ሁሉ ቦርድ አይሆንም፤ መጅሊስም ሹሞ አይላክብን። ወላጆች በመስጂዳቸው፣ በግልጽ፣ ለተወሰነ ዘመን ይምረጡ፤ እናቶችም ይምረጡ፣ ይመረጡ። ሒሳቡ በየመንፈቁ ለጀመዓው ይነበብ። ስለዚህ የቆሰበርና የዳንግላ ጀመዓዎች መሬት ፍለጋና መዋጮ ከመጀመራቸው በፊት፣ ከጁምዓ በኋላ ተቀምጠው የቦርዱን መተዳደሪያ ደንብ እንዲያረቁ እንጠይቃለን። ረቂቁ ለወላጆች በአማርኛም በአገውኛም ይነበብ።