አሻንጉሊት መስፋት ሥራ አይደለምን?

ከጨርቅ አሻንጉሊት፣ ከረጢት፣ የመርፌ መሰኪያና ይህን የመሰለውን ጥቃቅን ዕቃ ነድፎ መስፋት በአገራችን እንደ ሥራ አይቆጠርም። ሱሪ የሚሰፋው ሰው ልብስ ሰፊ ተብሎ ይከበራል፤ በዚያው መርፌና በዚያው መኪና የጨርቅ ዝሆን የሚሰፋ ቢገኝ ግን «ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» እየተባለ ይተረትበታል። እኛ ይህን አስተያየት እንቃወማለን። የምንቃወመውም አሻንጉሊት ስለምንወድ ብቻ አይደለም፤ በዚህ ንቀት ምክንያት በኪራሙ፣ በጊዳ አያና፣ በነቀምቴና በሌሎቹም የወለጋ ከተሞች እንጀራ ሊሆን የሚችል ጥበብ ባክኖ ስለሚቀር፣ ገንዘባችንም የራሳችንን ሰው እጅ እያለፈ ወደ ውጭ አገር ስለሚፈስ ነው።

ንቀቱ ዛሬ የተወለደ አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውንና ቆዳ ፋቂውን በሥራው ምክንያት መስደብን ከልክለው ነበር። አዋጁ ስድቡን ከአፍ አራቀው እንጂ ከልብ ጨርሶ አልነቀለውም። ዛሬ ሸማኔን በአደባባይ የሚሰድብ የተማረ ሰው አይገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ልጁ መሐንዲስ ወይም ሐኪም መሆኑን ትቶ «ከረጢት ነድፌ እየሰፋሁ ልኑር» ቢለው የማያዝን አባት ስንት ነው? ስድብ በትሕትና ቢለወጥም ሥራውን መናቁ ያው ነው።

ነገሩን ከቅርብ እንመልከተው። ኪራሙ በምሥራቅ ወለጋ፣ ከነቀምቴ በስተ ሰሜን የምትገኝ የገበሬ አገር ናት። በእርሷም ሆነ በሌሎቹ የወለጋ ትንንሽ ከተሞች በሱቅ በረንዳ ላይ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና ዘርግቶ የሚውል ልብስ ሰፊ አይታጣም። ይህ መኪና መብራት ቢጠፋም አይቆምም። ልብስ ሰፊው ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የተማሪ መለያ ልብስ፣ በበዓል ሰሞን የበዓል ልብስ ይሰፋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ብዙውን ወራት የተቀደደ እየጠቀመና ሱሪ እያሳጠረ ይውላል። ከመኪናው ሥር የሚወድቀው ቁርጥራጭ ጨርቅም ይጠረጋል፣ ይጣላል፣ ይቃጠላል። በአንድ በረንዳ ላይ የተዘጋጀ መኪና፣ የተፈታ እጅና የሚጣል ጨርቅ ተሰብስበው ሳለ፣ ፊት ለፊት ባለው ሱቅ ከባሕር ማዶ የመጣ አሻንጉሊትና ቦርሳ ተሰቅሎ ይሸጣል። እዚህ ላይ የጎደለው ጨርቅ ነውን? መርፌ ነውን? አይደለም። የጎደለው ንድፍ ነው፤ ከንድፉም በፊት ሥራውን ሥራ ብሎ የሚያዝ ሰው ነው።

ትንሽ ነገር ከትንሽ ከተማ ተነሥቶ የት እንደሚደርስ የሚያስረዳ እውነተኛ ታሪክ እናቅርብ። በደቡብ ጀርመን ጊንገን በምትባል ትንሽ ከተማ ማርጋሬተ ሽታይፍ የተባለች ልብስ ሰፊ ነበረች። በ1847 እ.ኤ.አ. ተወለደች፤ ገና ሕፃን ሳለች ፖሊዮ እግሮቿን ስላሰለላት በተሽከርካሪ ወንበር ትኖር ነበር፤ ቀኝ እጇም ደካማ ነበር። ይህች ሴት በ1880 እ.ኤ.አ. ገደማ ከወፍራም የሱፍ ጨርቅ ትንሽ ዝሆን ሰፋች። ዝሆኑ የተሰፋው ለመርፌ መሰኪያ ነበር፤ ሕፃናት ግን መጫወቻ አደረጉት። ሌላ ሰው ቢሆን ተቆጥቶ በነጠቃቸው፤ እርሷ ግን ልጆቹ የሰጡትን ፍርድ ተቀብላ ዝሆን፣ አህያ፣ ፈረስና ግመል ትሰፋ ጀመር። የወንድሟ ልጅ ሪቻርድ ደግሞ የአራዊት ማቆያ ግቢ እየሄደ የእንስሳትን አቋምና አካሄድ ይነድፍ ነበር፤ በ1902 እ.ኤ.አ. እጅና እግሩ የሚንቀሳቀስ የጨርቅ ድብ አወጣ። በማግሥቱ ዓመት በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት አንድ የአሜሪካ ነጋዴ 3,000 ድብ አዘዘ። በ1907 እ.ኤ.አ. በአንድ ዓመት ብቻ 974,000 ድብ ተሰፋ። ያ ድርጅት ዛሬም በዚያችው ከተማ አለ። እንግዲህ «ሥራ የፈታ ሰው ጨዋታ ነው» የሚሉን ሰዎች ይህን ምን ይሉታል?

«ያ የፈረንጅ አገር ነው» የሚል ቢኖር ከአገራችንም ምስክር አናጣም። በ1999 ዓ.ም. መግቢያ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የሚል የልጆች ዝግጅት መታየት ጀመረ። ዝግጅቱን ብሩክታዊት ጥጋቡ የተባለች መምህርት ከባለቤቷ ጋር ያቋቋመችው ሲሆን፣ ባለ ታሪኳ ፀሐይ በእጅ የምትንቀሳቀስ የጨርቅ ቀጭኔ ናት። ይህች ቀጭኔ ለአገራችን ሕፃናት ፊደልን፣ ንጽሕናንና መልካም ጠባይን አስተማረች፤ ዝግጅቱም በ2008 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፍ ውድድር ተሸለመ። እንደዚሁም በአዲስ አበባ በአለርት ሆስፒታል ግቢ በሥጋ ደዌ የተጎዱ ሰዎች የሚሠሩት የጥልፍ ትራስና ከረጢት ለብዙ ዘመን ከአገር ጎብኚ እጅ ሳይለይ ኖሯል። በሽታ ጣት የነካባቸው ሰዎች የሠሩትን ሥራ፣ ጣቱ የተሟላለት ሰው እንዴት ይንቀዋል?

«ንድፍ ጎደለ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ግልጽ እናድርግ። ባለፉት ዓመታት በሐዋሳና በሌሎችም ከተሞች የኢንዱስትሪ ፓርኮች ተከፍተው ብዙ ወጣቶች፣ ይልቁንም ሴቶች፣ ልብስ መስፋት ተምረዋል። ይህ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን የሚሰፋው ልብስ ንድፉ የሌላ፣ ስሙ የሌላ፣ ገበያውም የሌላ ነበር። ስለዚህ በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከተባለው ከቀረጥ ነፃ ገበያ ባስወጣች ጊዜ፣ ስፌቱን የምታውቀው ሠራተኛ ምንም ጥፋት ሳይኖርባት እንጀራዋ ተናጋ። መርፌው በእጇ ነበር፤ ልኩ ግን በሌላ ሰው ወረቀት ላይ ነበር። ስፌትን ብቻ የሚያውቅ ሕዝብ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ንድፍን ጨምሮ የሚያውቅ ግን ባለ ንብረት ነው። አሻንጉሊትና ከረጢት ደግሞ ንድፍን ለመማር ከሁሉ የቀለሉ ናቸው፤ ጨርቁ ጥቂት ነው፣ ስሕተቱ ርካሽ ነው፣ ፍርዱም ፈጣን ነው፤ ልጅ ያልወደደውን አይዝም።

ተቃዋሚዎቻችን የሚያቀርቡትን ምክንያት ሳናዳምጥ ማለፍ አይገባንም። አንደኛ «ከውጭ የሚመጣው ይረክሳል» ይላሉ። እውነት ነው፤ በመግዣው ቀን ይረክሳል። ነገር ግን በሳምንቱ ዓይኑ ሲወልቅ፣ በወሩ ስፌቱ ሲተረተር፣ የሚጠግነው ሰው ሲጠፋ ርካሹ ውድ ይሆናል። የጎረቤት ልብስ ሰፊ የሰፋው ግን ቢቀደድ ወደ ሠሪው ይመለሳል። ሁለተኛ «ልጆቻችን ያለ አሻንጉሊት አድገዋል» ይላሉ። ይህስ እውነት አይደለም። የአገራችን ሴት ልጅ ከእራፊ ጨርቅ አሻንጉሊት ሠርታ ታዝላለች፤ ወንዱም ካልሲ በጨርቅ ሞልቶ ኳስ ይሠራል። ሕፃናቱ ሳይማሩ የሚሠሩትን ነገር አዋቂዎቹ ተምረው ቢያሻሽሉት ምን ነውር አለው? ሦስተኛ «የሴት ሥራ ነው» ይላሉ። በአገራችን በበረንዳው ላይ መኪና የሚረግጠው አብዛኛው ወንድ አይደለምን? ሱሪ ሲሆን የወንድ፣ ዝሆን ሲሆን የሴት የሚሆን መርፌ የትኛው ነው?

ይሁን እንጂ ሥራው ይከበር ስንል እንዲያው የተድበሰበሰ ሥራ ይገዛ ማለታችን አይደለም። አሻንጉሊት ሕግ አለው። በመጀመሪያ ልኩ በወረቀት ተነድፎ፣ ለስፌት የሚሆን ትርፍ ተትቶለት መቆረጥ አለበት፤ ጠጕራም ጨርቅ ከሆነ የጠጕሩ አቅጣጫ በሁሉም ቁራጭ ላይ አንድ መሆን አለበት፤ አለዚያ አንዱ ጎን ለስላሳ፣ ሌላው ጎን ሻካራ ይሆናል። ጨርቁ ተገልብጦ ይሰፋል፤ ከተገለበጠ በኋላ ሙሌቱ ከእግርና ከጆሮ ጫፍ ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ ይጠቀጠቃል፤ ቀዳዳውም ክሩ እንዳይታይ ከውስጥ በስውር ይዘጋል። ጥጥ ሲታጠብ ስለሚቋጠር ሙሌቱን በውስጥ ከረጢት አድርጎ ሽፋኑን የሚወልቅ ማድረግ ብልህነት ነው። ለሕፃን የሚሰጥ ከሆነ ዓይኑ በክር ይጠለፍ እንጂ ቁልፍ አይተከልበት፤ ሕፃን ቁልፉን ነቅሎ ይውጠዋልና። የከረጢትም ማንገቻ በአንድ መስመር ብቻ ከተሰፋ ደብተር አይችልም፤ በአራት ማዕዘን ተሰፍቶ መካከሉ በመስቀል ሊታሰር ይገባዋል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ባለሙያ ነው።

መልኩስ ምን ይሁን? የጀርመኑ ሰው ድብን የነደፈው ዓይኑ ያየውን ነው። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» እንደ ተባለው፣ የወለጋ ልጅ ያላየውን ድብ ከማቀፍ ይልቅ ከዛፍ ዛፍ የሚዘለውን ጉሬዛ፣ በዳቲ ወለል ረግረግ የሚተኛውን ጉማሬ፣ ጆሮውን የጣለውን የአባቱን አህያ ቢያቅፍ አይሻልምን? ሆዱ ከመጠን በላይ የወፈረ ጉማሬ ወይም ነጭ ካባውን የደረበ ጉሬዛ ሕፃንን ያስቃል፤ ሕፃኑም እየሣቀ አገሩን ያውቃል።

አሁን ወደ ዋናው ክርክራችን እንመለስ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ባጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ የፌስታል ከረጢት ተከልክሏል። በገበያ ቀን ቡናና በርበሬ ሽንኩርትም የሚይዘው፣ በዝናብም ቀን የተማሪ ደብተር የሚሸከመው ፌስታል ከቀረ፣ በእርሱ ፈንታ የጨርቅ ከረጢት ያስፈልጋል። ይህን ከረጢት ማን ይሰፋዋል? ዛሬ ካልተዘጋጀንበት እርሱም በመርከብ ይመጣል።

እዚህ ላይ ሹማምንቱ ይስሙን። የመንግሥት የግዥ ሕግ ለአገር ውስጥ ምርትና ለአነስተኛ ተቋማት ልዩ አስተያየት እንዲደረግ ይፈቅዳል። ሕጉ ይህን ከፈቀደ ለስብሰባና ለሥልጠና የሚታደለው ቦርሳ ከውጭ የመጣ የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? ስለ ሥራ ፈጠራ ሦስት ቀን ሲመከር ውሎ ተሰብሳቢው ወረቀቱን በባዕድ ቦርሳ ይዞ ሲወጣ፣ በደጃፉ ያለው ልብስ ሰፊ ሱሪ ያሳጥራል። ልብስ ሰፊው ምክር አልጠየቀም፤ የምስክር ወረቀትም አልጠየቀም። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ትእዛዝ ነው። መቶ ከረጢት ያዘዘ መሥሪያ ቤት ስለ ልማት መቶ ጊዜ ከተናገረው ይበልጣል።

ይህ ነገር ለኪራሙ ከሌላው ስፍራ ይልቅ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በደረሰው ግጭት ከኪራሙና ከአካባቢዋ እጅግ ብዙ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ተሰድዷል። እርሻ በሸክም አይሄድም፤ ጎተራ ይቃጠላል፤ ከብት ይነዳል። በእጅ ያለ ጥበብ ግን ከባለቤቱ ጋር ይሰደዳል፣ ከባለቤቱም ጋር ይመለሳል። ለተፈናቀለች እናት ስንዴ መስጠት ግዴታ ነው፤ ነገር ግን ስንዴው ሲያልቅ መርፌ፣ መቀስ፣ የወረቀት ልክና ገዢ ያላት እናት ሌላ ስንዴ ሳትጠብቅ ትኖራለች። ልጇም ከሁሉ ነገር ተለይቶ በወጣበት ሰዓት የሚያቅፈው ነገር ቢኖረው፣ ይህ ቅንጦት ነው የሚል ልብ ያለው ሰው ካለ ከእርሱ ጋር ክርክር የለንም።

እንግዲህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። መምህራን ለተማሪው፣ ለወንዱም ለሴቲቱም፣ ልክ መንደፍንና መስፋትን እንደ ሒሳብ ትምህርት አክብረው ያስተምሩ፤ ክብን ከጨርቅ ቆርጦ ኳስ የሚያደርግ ልጅ ጂኦሜትሪን በእጁ ይማራልና። የሕፃናት ትምህርት ቤቶች መጫወቻቸውን ከከተማቸው ልብስ ሰፊ ይዘዙ። መሥሪያ ቤቶች ቦርሳቸውን ከዚያው ይግዙ፤ ሥራው ቢበላሽ ይመልሱ፣ ቢያምር ዋጋውን ሳያዘገዩ ይክፈሉ። ተማሪዎች ደግሞ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ከአካባቢያቸው እንስሳ አንዱን በመንደፍ ይጀምሩ።

በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። ወርቁን መዳብ ያደረገው ዓይናችን እንጂ ወርቁ አይደለም። ስለዚህ ነገ በኪራሙ በረንዳ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ሱሪውን ወደ ጎን አድርጎ የጨርቅ ጉሬዛ ሲሰፋ የሚያይ ሹም ቢኖር፣ አይሣቅበት፤ ዋጋውን ይጠይቀው።