ያረጀችው ቪትዝ ለምን አልሞት አለች?

እሁድ ረፋድ ላይ በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ግቢዎች ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ኮፈኗ የተከፈተ አንዲት ቪትዝ አትጠፋም። ከጎኗ ክሪክ፣ ኪያቤ፣ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ የፈሰሰ የተቃጠለ ዘይት፤ ፓራውርቲው ላይ ደግሞ የተደገፈ ስልክ አለ። ስልኩ ውስጥ አንድ የማናውቀው ሰው የፍሬን ሸራ እንዴት እንደሚቀየር ያሳያል። ድሮ ይሄ ሥራ የጋራዥ ነበር። አሁን የባለቤቱ ሆኗል።

ብዙ ሰው ይሄን የመኪና ፍቅር ይለዋል። ፍቅርም አለበት፣ አልክድም። ዋናው ነገር ግን ሒሳብ ነው ባይ ነኝ፤ ሒሳቡም ከቤተሰብ በጀት ሳይሆን ከአዋጅ ይጀምራል።

የካቲት 2012 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲሱን የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አጸደቀ። ከዚያ በፊት የነበረው የኤክሳይስ ምጣኔ የሚያየው የሞተሩን መጠን ነበር፦ እስከ 1300 ሲሲ 30 በመቶ፣ እስከ 1800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ። እዚህ የምናውቃት ቪትዝ ሞተሯ ወይ 1.0 ወይ 1.3 ሊትር ነው። የ1.3ቷ እንኳ በትክክል ሲለካ 1296 ወይም 1298 ሲሲ ነው የሚመጣው። በጥቂት ሲሲ ልዩነት ዝቅተኛው እርከን ውስጥ ቁጭ አለች። ከተማውን የሞላችው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ውበቷ ሁሉንም አፍዝዞ አይመስለኝም። አዲሱ አዋጅ ግን ዕድሜ መጠየቅ ጀመረ። ከ7 ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ላይ ታክሱ እስከ 500 በመቶ ወጣ። በዚያው ወር፣ በአጋጣሚ፣ ቶዮታ ጃፓን ውስጥ ቪትዝ የሚለውን ስም አስቀርቶ መኪናዋን ያሪስ ብሎ መሸጥ ጀመረ። እዚያ ስሟ ሲቀበር እዚህ መግቢያ በሯ ተዘጋ።

ሌላው ተከታትሎ መጣ። ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ተናገሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። በ2017 ዓ.ም. ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ተሻገረ።

እነዚህን አንድ ላይ አድርጉና አስቡት። አዲስ ቪትዝ አይገባም፤ ያለችው ግን ትፈለጋለች። በሌላው ዓለም መኪና በየዓመቱ ዋጋው የሚወርድ ዕቃ ነው። እኛ ጋር የ20 ዓመት መኪና እንደ ቁጠባ ይታያል፤ አባት ለልጁ የሚያወርሰው፣ ሚስት "እንዳትሸጠው" የምትለው ሀብት ነው። እንደ ሀብት የያዝከውን ነገር ደግሞ ጥለህ ሌላ አትገዛም፤ ትጠግነዋለህ። መለዋወጫው በዶላር ስለሚመጣ ዋጋው ሰማይ ነክቷል። መቀነስ የሚቻለው የእጅ ዋጋ ብቻ ሆነ። እጁም የራስ እጅ ሆነ።

ቪትዝ ለዚህ ሥራ የተመቸች ናት። ትንሽ ናት፣ ኤሌክትሮኒክሱ ቀላል ነው፣ እንደ እሷ ያለ መኪና የፈታ ሰው በየሰፈሩ አለ። ችግሩ ቋንቋው ላይ ነው። የእኛ ጋራዥ ስም ያወጣው በጣሊያንኛ ነው፦ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን። ቪዲዮው ግን በእንግሊዝኛ ነው የሚያስተምረው። ልጁ "ስፓርክ ፕላግ" ብሎ ሶማሌ ተራ ይሄዳል፣ ነጋዴው "ካንዴላ ነው የምትለው?" ይለዋል፣ ዋጋውም ያኔውኑ ከፍ ይላል። ጀማሪ መሆኑ ታወቀበታ! ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን መጀመሪያ ያዙ። ኤስሲፒ10 የሚለው የመጀመሪያዋ ትውልድ ባለ 1.0 ናት፤ ኬኤስፒ90 የሚለው እ.ኤ.አ. ከ2005 በኋላ የመጣችው ባለ ሦስት ሲሊንደር ናት። "የቪትዝ ስጠኝ" ማለትና "የኬኤስፒ90 ስጠኝ" ማለት አንድ አይደለም። አንዱ እያዩ መገመት ነው፣ ሌላው ዕቃ መግዛት ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ወጣቶቹ ሲያድሱ የማየው ቅደም ተከተል አብዛኛውን ጊዜ የተገለበጠ ነው፦ መጀመሪያ ቀለም፣ ከዚያ ስክሪን፣ ከዚያ ቸርኬ፣ ገንዘብ ከተረፈ ፍሬን። ቪዲዮ ላይ ቀለም ያምራል፣ የፍሬን ዘይት ግን ማንም ላይክ አያደርገውም።

እኔ ብጠየቅ የምጀምረው ከራዲያተር ክዳን ነው። አትሳቁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተሩ ደግሞ በጤናው የሚሠራው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። በመሃላቸው ያለውን ክፍተት የሚያሰፋው ክዳኑ ነው፦ ግፊት ይዞ የውኃውን መፍያ ወደ ላይ ይገፋል። የክዳኑ ጎሚኒ ከደረቀ ግፊቱ ያመልጣል፣ እንጦጦን ስትወጡ ውኃው ይፈላል፣ አልሙኒየም የሆነው ቴስታታ ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ የክዳኑን ዋጋ ስንት ጊዜ እጥፍ እንደሆነ መካኒክ ጠይቁ። በዚያ ላይ ብዙ ሰው ራዲያተሩን የሚሞላው በቧንቧ ውኃ ነው። ኩላንት "ለበረዶ አገር ነው" የሚል ወሬ አለ። ኩላንት ውስጥ ያለው ዝገት መከላከያ ግን በረዶ አይጠብቅም፤ የቧንቧ ውኃ ያለ እሱ ውስጡን በዝገትና በድንጋይ ደለል ይደፍነዋል።

ቀጥሎ ዘይት። የቪትዝ ሞተር በቺንጋ ሳይሆን በካቴና ነው ጊዜውን የሚጠብቀው። ካቴና በተወሰነ ኪሎ ሜትር መቀየር የለበትም፤ ግን የሚኖረው በንጹሕ ዘይት ነው። ዘይት ሳይቀየር ከቆየ ካቴናው ይላላል፣ ጠዋት ሲነሳ ማንኮራፋት ይጀምራል። ኬኤስፒ90 ያላችሁ ደግሞ ማርሹ አውቶማቲክ ከሆነ ሲቪቲ ነው፤ የራሱ ዘይት አለው። የተለመደውን የአውቶማቲክ ዘይት ሞልቶ ካምቢዮውን የገደለ ሰው በየሰፈሩ አለ።

ፍሬን ላይ ረጅም ማውራት አያስፈልግም። ሸራው ኮፒ ከሆነ ቁልቁለት ላይ ይነግራችኋል። ግን አንድ ነገር፦ ጎማ ፈትታችሁ ስትሠሩ መኪናዋን በክሪክ ብቻ አንጠልጥላችሁ ሥር አትግቡ፣ ብሎኬትም አትደግፉ። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፣ ለግድግዳ ነው የተሠራው፣ ሲፈርስ ሳያስጠነቅቅ በአንዴ ነው። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የብረት መደገፊያ አለ። እሱ ከሌለ ሥር የሚያስገባውን ሥራ ለጋራዥ ተዉት።

ብዙም የማይወራ ነገር አለ፦ መሪው። ቪትዝ የሚለው ስም የጃፓን ገበያ ስም ነው፣ ጃፓን ደግሞ መሪው በቀኝ ነው። ስለዚህ እውነተኛ ቪትዝ ሆና መሪዋ በግራ ከሆነ አንድ ቦታ ላይ ተገልብጣለች ማለት ነው። ማን ገለበጣት፣ እንዴት፣ በምን ዕቃ የሚለው ሊብሬ ላይ አይጻፍም። ዳሽቦርዱን ያወለቀ ሰው የተበየደ ብረትና በፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ ቢያገኝ አይገርምም። መሪ ይዞ የሚሄድ ሰው ይሄን ማወቅ አለበት።

ኤርባጉን አስቡ። ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች በሙቀት፣ በእርጥበትና በዕድሜ ብዛት ሲፈነዱ የብረት ስባሪ እንደሚረጩ ተረጋግጦ ዓለምን ያዳረሰ የመኪና ጥሪ ተደርጓል፤ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2015 ከጠራቸው መካከል ቪትዝ ነበረች። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2017 ከሰረ። ጥሪው ግን ሁለት አገር አቋርጦ፣ መሪው ተገልብጦ፣ ሦስት እጅ ተሸጦ እዚህ የደረሰን መኪና እንዴት ያገኘዋል? ባለቤቱ ራሱ የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ ቶዮታን ካልጠየቀ በቀር ማንም አይፈልገውም። ቤት ውስጥ የሚደረግ ቀላል ፍተሻም አለ። ቁልፉን አዙራችሁ ሞተር ሳይነሳ የኤርባጉ መብራት መብራት አለበት፣ ከዚያ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት። በርቶ ከቀረ ብልሽት አለ። ጭራሽ ካልበራ ደግሞ የባሰ ነው፤ አንድ ሰው መብራቱን ነቅሎ ሸጦላችኋል። ኤርባግ ራሳችሁ አትፍቱ፣ ፈንጂ ነው።

ማሻሻል ላይ ስንመጣ እኔ ተቃዋሚ አይደለሁም። የኋላ ካሜራ ያለው ስክሪን ጥሩ ነገር ነው፤ ሕፃናት በሚሯሯጡበት ግቢ ውስጥ ሕይወት ያተርፋል። ትልቅ ቸርኬ ከስስ ጎማ ጋር ግን ለእኛ ጉድጓድ አልተፈጠረም፤ አሞርዛተሩን በልቶ ቸርኬውንም ያጣምመዋል።

የምናደድበት ማሻሻያ መብራት ነው። የጃፓን መኪና የፊት መብራት የተሠራው በግራ ለሚነዳ አገር ስለሆነ ብርሃኑን ወደ ግራ ከፍ ያደርጋል፣ የመንገዱን ዳር ለማሳየት። እኛ ጋር በግራ ያለው ከፊት የሚመጣው ሾፌር ዓይን ነው። መሪውን የገለበጡት ሰዎች መብራቱን ብዙ ጊዜ አይነኩትም። እዚያ ላይ ለሃሎጅን አምፖል በተሠራ ቤት ውስጥ ነጭ ኤልኢዲ ሲከተትበት ብርሃኑ መሄጃ አጥቶ ይበተናል። ለሚነዳው ደመቀለት፣ ለሚመጣው ጨለማ ነው። ማታ በቀለበት መንገድ የነዳ ሰው የምለውን ያውቃል። ለዚያ ገንዘብ የግራ አነዳድ የሆነ የያሪስ የፊት መብራት ያገለገለ ቢፈለግ ይሻል ነበር።

ሞተር መቀየር የሚያስቡም አሉ፤ 1.0 ደከመን እያሉ 1.3 ወይም 1.5 የሚከቱ። የሞተሩ ቁጥር ሊብሬ ላይ ስላለ ይሄ ግቢ ውስጥ ተሠርቶ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ሰነዱ ያልተስተካከለ መኪና ስትሸጡትም፣ አደጋ ደርሶ ኢንሹራንስ ስትጠይቁም ይመጣባችኋል።

አሁን ፖሊሲውን ልመልሰው። ወደ ኤሌክትሪክ መሄዱ ምክንያት አለው፤ ነዳጅ ሙሉ በሙሉ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፣ ኤሌክትሪኩን ግን ራሳችን ከውኃ እናመነጫለን። እኔ የማልስማማው ክልከላው ሲወጣ ስለሚገባው መኪና ብቻ መናገሩ ላይ ነው። በመንገድ ላይ ስላለው ምንም አላለም። ያሉት መኪኖች በአንድ ቀን አይጠፉም፤ ጭራሽ የሚተካቸው ስለሌለ ከታሰበው በላይ ይቆያሉ። ይቆያሉ ካልን ደግሞ ጥያቄው የፍሬን ሸራና የመሪ ዕቃ ጥራት ማን ይቆጣጠራል የሚለው ይሆናል። ዛሬ ቆጣሪው ላይ "ኦርጅናል ነው ወንድሜ" የሚለው ቃል ነው ዋስትናው። ለቦሎ በሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ላይ የመብራት አቅጣጫና የተገለበጠ መሪ በእርግጥ ቢታዩ ብዙ ነገር ይስተካከል ነበር። ለደኅንነት ዕቃዎች ቀረጡን ዝቅ ማድረግም ይቻላል፤ የፍሬን ሸራ ከድምፅ ማጉያ ጋር አንድ ዓይነት ቅንጦት አይደለም።

ደግሞ ጉዳዩ ከቪትዝ ጋር አያልቅም። አሁን በየመንገዱ የምናያት ቢዋይዲ ሲጋልም ትንሽ ባለ አምስት በር መኪና ናት፤ ሒሳቡ እንዲሁ ከቀጠለ እሷንም 20 ዓመት እንይዛታለን። የእሷ ኮፈን ሲከፈት ግን ብርቱካናማ ሽቦዎች አሉ፣ ውስጣቸው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ያልፋል። ስልክ ተደግፎ፣ ሃይላንድ ተቆርጦ እሁድ ረፋድ ላይ የሚነካ ነገር አይደለም። እሱን መንካት የሚችል ሰው የማሠልጠኑ ሥራ ባትሪዎቹ ዋስትናቸው ሳያልቅ መጀመር አለበት።