ስቴንቱ ከገባ በኋላ ያለው ሳል

ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በኬንያና በማላዊ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪካ በሚዘልቀው ቀጣና የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት ይታያል፤ በኢትዮጵያም አርሲና ባሌ ደጋግመው ይጠቀሳሉ። ዕጢው ወደ አየር ቧንቧ ሲሸነቁር የሚፈጠረው ፊስቱላ ታካሚው የሚውጠውን ውሃና ምራቁን ሳይቀር ወደ ሳንባው ያስገባል። ቀዳዳው ካልተዘጋ የሚቀረው ዕድሜ በአብዛኛው በሳምንታት የሚቆጠር ነው። ሽፋን ያለው የብረት ስቴንት ተመራጭ ማስታገሻ መሆኑ ብዙም አያከራክርም። የሚያከራክረው ከዚያ በኋላ የሚደረገው ክትትል ነው።

ሽፋኑ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ነገር ግን ሥጋው በስቴንቱ መረብ ውስጥ አድጎ እንዳያስረው ስለሚከለክል፣ የመንሸራተት ዕድሉንም ይጨምራል። ስቴንቱ ከተንሸራተተ ቀዳዳው ይገለጣል። ዕጢው በጠርዙ በኩል ሊያድግ፣ ምግብ ሊወተፍበት፣ ደም ሊፈስ ይችላል። ከሁሉ አስደንጋጩ ግን ስቴንቱ ሲሰፋ የአየር ቧንቧውን ከኋላ ተጭኖ ማጥበቡ ነው። ዕጢው ከአየር ቧንቧው ጋር በተጣበቀ ጊዜ አስቀድሞ በብሮንኮስኮፒ ማየት፣ ካስፈለገም የአየር ቧንቧውን ስቴንት ማስቀደም የሚገባው ለዚህ ነው።

ቱላ ከሐዋሳ መሀል ሩቅ አይደለችም። ክፍተቱ የመንገድ ሳይሆን የመረጃ ነው። ከሆስፒታል ወጥቶ እንደገና ማሳል የጀመረ የቱላ ታካሚ አስቀድሞ የሚሄደው በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ ስለ ስቴንቱ የሚያውቅ ከሌለ፣ ሳንባ ነቀርሳ በተስፋፋበት ሀገር ሳል ምን ተብሎ እንደሚተረጎም መገመት አያዳግትም፤ የአክታ ምርመራ ይታዘዛል፣ አንቲባዮቲክ ይሰጣል። ምቹ ለጊዜው ቢሻለው እንኳ ቀዳዳው እንደተከፈተ ነው። «ሳሉ የሚመጣው ሲውጡ ነው?» የሚለው አንድ ጥያቄ ታካሚውን ወደ ኢንዶስኮፒ ክፍል ሊመልሰው ይችል ነበር።

የአመጋገብ ምክሩም ከባዕድ መማሪያ መጽሐፍ የተቀዳ መሆን የለበትም። «ለስላሳ ምግብ ብቻ» የሚል መመሪያ በእንሰት ለሚተዳደር ቤተሰብ ብዙ አይነግርም። ቀጠን ተደርጎ የተሠራ የቡላ አጥሚት ይወርዳል፤ ጭረት ያለው ቆጮ፣ በደንብ ያልበሰለ ጎመንና ጥሬ ሥጋ ግን ስቴንቱን ሊደፍኑት ይችላሉ።

ታካሚው በሲዳምኛና በአማርኛ የተጻፈ አንድ ካርድ ይዞ ይውጣ፤ የስቴንቱ ዓይነትና ርዝመት፣ የገባበት ቀን፣ የፊስቱላው ቦታ፣ የአደጋ ምልክቶችና የሚደወልበት ስልክ ይስፈሩበት። ወጪው ከስቴንቱ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ተመራማሪዎችም የሕክምናውን ስኬት የሚለኩት ስቴንቱ በገባበት ዕለት ብቻ ሳይሆን፣ ታካሚው ቤቱ ሆኖ ውሃ ሳያስለው በጠጣባቸው ቀናት ብዛት ሊሆን ይገባል።